«ዘይት ነው»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለወንድሜም፣ ለጓደኛዬም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ያልተናገርኩበት የተለየ ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ዋጋውን ልናገር። ያደግኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው፤ እዚያ ዋጋው ሳይታወቅ ዕቃ አይነካም። ይህ ነገር ያስከፈለኝ አንዲት ጎረቤት፣ አንዲት መራቂና ሥጋ ወደሙ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም። ቅዳሴ እገባለሁ፣ ከኋላ እቆማለሁ፣ ሰው ወደ ፊት መሄድ ሲጀምር መኪናዬን ቶው አድርገው ጎትተው እንዳይወስዱብኝ የማይ መስዬ እወጣለሁ። መኪናዬ ግን ሁልጊዜ በደንቡ ነው የቆመችው።

የሸጥኩት ምን ነበር? ሐሺሽ አይደለም፣ የተሰረቀ ወርቅ አይደለም። በቆሎ ነው። ጣፋጭ በቆሎ ተፈጭቶ፣ በራሱ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በእንፋሎት የበሰለ። ታማሌ ይሉታል። ሰው በበቆሎ ይኮነናል? እኔን አይታችሁ ፍረዱ።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የስልክ ካርድ። ኢኮኖሚው የወደቀበት፣ የሰው ቤት ባንክ የሚወስድበት ጊዜ ስለነበር ሰው አገር ቤት ሲደውል እንኳ ሰላምታውን አሳጥሮ ነበር። የምኖርበት አፓርትመንት ውስጥ ከበሬ ፊት ለፊት ያለው በር የማርታ ነው። ማርታ የኤል ሳልቫዶር ሴት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ጠዋት ቢሮ የምታጸዳ፣ አጭርና ሳቂታ። እኔ ሠላሳ የስፓኒሽ ቃል አውቃለሁ፣ እሷ አርባ የእንግሊዝኛ ቃል ታውቃለች። በሰባ ቃል አምስት ዓመት ሳንጣላ ኖርን። ከሚስቴ ጋር በሙሉ አማርኛ ሦስት ዓመት አልዘለቅንም።

አንድ ቅዳሜ በሯ ተከፍቶ የእሸት ሽታ ኮሪደሩን ሞላው። «ዶን ታዴ፣ ቬንጋ!» ብላ ጠራችኝ። ገባሁ፤ አንድ አቀመሰችኝ። ለስለስ ያለ፣ ጣፋጭ፣ አፍ ውስጥ የሚጠፋ ነገር። ሌላ ሰው ቢሆን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይበላ ነበር። እኔ ግን ቆጠርኩ፤ ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሕዝበ ክርስቲያኑ በሦስተኛው ሳምንት ሽሮ ሲያይ ፊቱን እንደሚያዞር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሽሮውን የምሸጠው እኔ ነኛ።

ግን ያኔ ሐሰተኛ አልነበርኩም። ይህን ብቻ እመኑልኝ። ጠይቄያታለሁ። የጾም ጥያቄ የሚጠየቀውን ሁሉ፣ በጣቴ እየቆጠርኩ ጠየቅኋት። ሥጋ? ኖ። ወተት? ኖ። እንቁላል? ኖ። ቅቤ በስፓኒሽ ማንተኪያ መሆኑን አውቅ ነበርና «ማንተኪያ?» አልኳት። ሳቀችብኝ። «ኖ፣ ኖ። ማንተኪያ ኖ። ማንተካ!» አለችና አንድ ነጭ ባልዲ አሳየችኝ። ወረቀቱ በእጅ ብዛት ተልጦ አልቋል። ውስጡ ነጭ፣ ሽታ የሌለው፣ እንደ ረጋ ዘይት ያለ ነገር ነው። ቅቤ አለመሆኑ በቃኝ።

አሳማ አለበት ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ማን ይጠይቃል? በፍስክ የማንበላውን በጾም እንጠይቃለን እንዴ? ሚስማር አለበት ወይ ብዬ እንዳልጠየቅሁ ሁሉ አሳማ አለበት ወይ ብዬም አልጠየቅሁም። የእኛ ሰው ዝርዝር እዚያ ላይ ያበቃል፤ እኔም እዚያ ላይ ቆምኩ።

እና ጀመርን። ከሥራ ስትመለስ በእሷ ወጥ ቤት፣ ሁለታችን ብቻ። በቆሎውን ቅጠሉ እንዳይቀደድ ከስሩ ቆርጠን እናወልቃለን፤ ፍሬውን በቢላ እንፍቃለን፤ እንፈጫለን። የአሜሪካ በቆሎ ውሃ ብቻ ስለሆነ ትንሽ የበቆሎ ዱቄት ታክልበታለች። ስኳር፣ ጨው፣ ከባልዲው ሁለት ጭልፋ። ከዚያ በቅጠሉ ጠቅልለን፣ ጭራውን አጥፈን፣ በእኔ ትልቅ ድስት ውስጥ እንደ ሰልፈኛ አቁመን እንደረድራለን። ድስቱ ስር ውሃው ውስጥ አንድ ኳርተር እንድጥል አደረገችኝ። ውሃው እየፈላ እስካለ ሳንቲሟ ትንጫጫለች፤ ዝም ካለች ውሃው አልቋል፣ ሊያር ነው ማለት ነው። ከኪሴ አውጥቼ የጣልኳት ያቺ ኳርተር ስትንጫጫ ደስ ይለኝ ነበር። ብዙ ሳይቆይ የዚያች ሳንቲም ዝምታ የሚያስፈራኝ ሰው ሆንኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት አለቀ። በሁለተኛው እጥፉን ሠራን፤ አለቀ። ንስሐ አባቴ ራሳቸው ስድስት ወሰዱ፤ ሁለቱን በምርቃት። ይኸው ምክንያቴ። ለእሳቸው ምን ብዬ ልናዘዝ? «አባቴ፣ በድያለሁ፤ እርስዎንም አብልቻለሁ» ልበል?

ከሁሉ የሚበልጡት ደንበኛዬ ግን እማሆይ ወለተ ማርያም ነበሩ። ከእኛ ሰፈር በመኪና ግማሽ ሰዓት በምትርቀው አሌክሳንድሪያ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር የሚኖሩ፣ ባላቸው ሲሞቱ የመነኮሱ፣ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ የማይቀምሱ ሴት። ጥርስ የላቸውም። ሰናይት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ የሰው እናት ስታጎርስ ውላ ማታ የራሷን እናት ማጉረስ አቅቷት ታለቅሳለች። ኮል አደረገችኝ። «ጋሽ ታደሰ፣ ያ የበቆሎ ነገር የጾም ነው አይደል? እማሆይ እየመነመኑብኝ ነው።» «የጾም ነው» አልኳት። ያኔ እውነቴን ነበር።

ወሰድኩላቸው። በሉ። ሁለት በሉ። ሰናይት በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛ ታያለች። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው አሌክሳንድሪያ የማልሄድበት ሳምንት አልነበረም።

በአምስተኛው ሳምንት የማርታ ባልዲ አለቀ። እኔ ልግዛ ብዬ ወደ ስፓኒሾቹ ግሮሰሪ ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ ያው ነጭ ባልዲ ተደርድሯል፤ ወረቀቱ ግን አልተላጠም። ወረቀቱ ላይ አሳማ አለ። ሮዝ፣ ወፍራም፣ ፈገግ ያለ አሳማ። ምን ያስቀዋል? የራሱን ስብ ተሸክሞ የሚስቅ እንስሳ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ከኋላዬ ያለች ሴት ጋሪዋን እየገፋች «ኤክስኪዩዝ ሚ» ትለኛለች፣ አልሰማም። በሐሳቤ የማየው የእማሆይን ድድ ነበር። ጥርስ የሌለው ድድ፣ በዝግታ ሲያኝክ።

እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው። ስሕተት ይቅር ይባላል። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው።

መጀመሪያ በዘይት ሞከርኩ። ለብቻዬ፣ በሬን ዘግቼ፣ በራሴ ወጥ ቤት። ግማሹ ፈረሰ፣ ግማሹ ሸክላ ሆነ። ያንኑ ይዤ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። እማሆይ አንዴ ቀመሱና ሳህኑን በሁለት ጣታቸው ገፋ አደረጉ። «ልጄ፣ የዛሬው እጅህ አይደለም» አሉ። ያን ቀን ምንም አልበሉም፤ በማግስቱም። ሰናይት ኮል አደረገችና «ያንን የድሮውን አምጣልን በናትህ» አለችኝ።

እኔም አሳማው ወደሚስቅበት መደርደሪያ ተመለስኩ። ገዛሁ። አውቄ ገዛሁ። ወረቀቱን መኪናዬ ውስጥ በጥፍሬ ልጬ ጣልኩና ባልዲውን ራቁቱን ለማርታ አስረከብኩ። ለምን እንደላጥኩት ጠይቁኝ። ማርታ አሳማን አትፈራም፤ ለእሷ የዘወትር ነገር ነው። የላጥኩት ለራሴ ነው።

ለእሳቸው ነፍስ ብዬ ነው ያደረግሁት? ለራሴ እንዲህ እለው ነበር፦ አሮጊቷ በረሃብ ከሚሞቱ ሳያውቁ ቢበሉ ይሻላል። መልካም ይመስላል፤ ሰበብ ሁሉ መልካም ይመስላል። እውነቱ ግን ፍርሃት ነው። አንዴ ብናገር ለእማሆይ ብቻ መናገር አይሆንልኝም። ለስድስት ወሳጁ አባትም፣ ለዲያቆናቱም፣ ከጌይተርስበርግ ድረስ በደርዘን ለሚያዙት ቤተሰቦችም መናገር ነው። በሁዳዴ አሳማ ያበላኝ ሰው ቢኖር እኔ ራሴ ደግሜ የስልክ ካርድ አልገዛውም።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ማርታ እህቷን ልትጠይቅ አሌክሳንድሪያ አብራኝ መጣች። መኪና ውስጥ ተቀመጪ ብላት ምን ነበረበት? አላልኩም፤ እሷም የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ድስቱን ይዛ ከእኔ ቀድማ ደረጃውን ወጣች። እማሆይ ሲያዩዋት ተነሡ። እጇን ይዘው በአማርኛ መረቋት፤ እሷም በስፓኒሽ መረቀቻቸው፤ ሁለቱም የገባቸው መሰሉ። «ስሟ ማን ነው?» አሉ እማሆይ። «ማርታ» አልኩ። «እሰይ! የወንጌል ስም ነው እኮ» አሉ።

ሰናይት ከሥራ ባልደረቦቿ የለቀመቻት ትንሽ ስፓኒሽ አለቻት። እንዲያው ለወግ ያህል ማርታን ምን ምን እንደሚገባበት ጠየቀቻት። ማርታ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ማይስ፤ በቆሎ። አሱካር፤ ስኳር። ሳል፤ ጨው። ሦስት ጣት ታጠፈ። አራተኛው ጣት ሲታጠፍ አየሁት። የዚያን ጣት ያህል ረጅም ነገር በሕይወቴ አላየሁም።

«ኢ ማንተካ» አለች።

ሰናይት ፊቷ ተለወጠ። «ማንተኪያ? ቅቤ አለበት እንዴ ጋሽ ታደሰ?»

እማሆይ ቀና አሉ። አፋቸው ውስጥ ያለውን አልዋጡም፤ ጉንጫቸው ሞልቶ ያዩኛል። አሁን መናገር ይቻል ነበር። በቃ፣ አሁን። ይተፉት ነበር፤ ያለቅሱ ነበር፤ ለእኔም ለራሳቸውም ንስሐ ይገቡ ነበር፤ ያልቅ ነበር።

«ኧረ ቅቤ አይደለም!» አልኩ። «ማንተካ ሌላ ነው። ዘይት ነው።»

ዘይት ነው። ሁለት ቃል። ከዚያ ወደ ማርታ ዞሬ ራሴን ነቀነቅሁላት፤ እሷም አማርኛ አታውቅምና፣ ባልንጀራዋ ስለሆንኩም አምናኝ፣ እየሳቀች ራሷን ነቀነቀች። ሐሰቴን በእሷ አንገት አስመሰከርኩ። እማሆይ ዋጡ።

በትንሣኤ ሌሊት እማሆይ ሲቆርቡ ከኋላ ሆኜ አየኋቸው። ነጠላቸው እስከ ዓይናቸው ወርዷል፤ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸዋል። ጣራው የሚወርድ መስሎኝ ሽቅብ አየሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ ፈልገው አገኙኝ፤ ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጾሜን ያስፈጸምከኝ አንተ ነህ፤ እግዚአብሔር ያስፈጽምህ» አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ምርቃት ይሁን እርግማን አላወቅሁም።

አንድ ጊዜ ብቻ ልናገር ሞክሬያለሁ። ንስሐ አባቴን በስልክ «አንድ ጓደኛዬ አለ» አልኳቸው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ያንን ጓደኛ። «በጾም የማይበላ ነገር፣ ሳይነግራቸው ለሰዎች ሸጠ።» «ሳያውቁ የበሉት ምንም የለባቸውም» አሉኝ። ትንፋሼ ተመለሰ። «የእነሱም ድርሻ አብሮ እሱ ላይ ነው ያለው። ለጓደኛህ ቶሎ ይምጣ በለው።» ከዚያ ጓደኛዬን አላየሁትም።

ከፋሲካ በኋላ ሰናይት ማርታን ለመነቻት፦ እሷ ሺፍት ስትገባ ከእማሆይ ጋር እንድትውል፣ በደመወዝ። ማርታ የቢሮ ጽዳቱን ትታ ሄደች። ሁለት ዓመት። እማሆይ «ማርታዬ» ይሏታል፣ እሷም «ማማ» ትላቸዋለች። ጸሎታቸውን በየቋንቋቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጸልያሉ። ማርታ በእሷ ጾም ዓርብ ዓርብ ሥጋ አትበላም ነበር። ጾም ምን እንደሆነ የምታውቅ ሴት ናት! «ይህ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፣ ሌላ ፈልጊለት» ብላት በአንድ ቀን ትለውጠው ነበር። በኋላ ነው ያየሁት፤ ያ አሳማ በሚስቅበት መደርደሪያ ላይ፣ ልክ ከጎኑ፣ ከአትክልት የተሠራ ሌላ ነጭ ስብ በቆርቆሮ አለ። ከጎኑ! እኔ አሳማውን ሳይ ጎኑን አላየሁም። እሷን አንድ ጊዜ ብጠይቃት ኖሮ ሁሉም በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። መጠየቅ ግን ማወቄን ማሳወቅ ነው ብዬ ፈራሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ማርታ ታማሌውን ቤቷ ሠርታ ይዛ ትሄድ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ስልክ ሲጠራ እደነግጥ ነበር። በሦስተኛው ሁዳዴ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ለእማሆይ ትኩሱን ልሥራላቸው ብላ አዲስ ባልዲ ገዝታ አሌክሳንድሪያ ይዛ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ወረቀቱ እንዳለ፣ አሳማው እንደሳቀ። የሚደብቅ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል? ይህን ለመረዳት ትምህርት አይጠይቅም። ሰናይትም ትረዳው ነበር፣ እኔ ባልኖር።

ከሺፍት ገብታ አየችው። ኮል አደረገችኝ። ድምፅዋ የሹክሹክታ ነው፤ እማሆይ እንዳይሰሙ ሽንት ቤት ገብታ ነው የምታወራው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ማንተካ አሳማ ነው። አሳማ ነው እኮ! ዘይት ነው አላልከኝም?»

ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። ሽሮ የምትጠብቅ ሴት ፊቴ ቆማለች። ቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮት ትገባለች።

«እሷ ናት ዘይት ነው ያለችኝ» አልኩ። «እኔ ምን ስፓኒሽ አውቃለሁ? አታለለችኝ።»

ይኸውላችሁ። የመጀመሪያው ሁለት ቃል ነበር፤ አሁን ንግግሬ ረዘመ። ለሴትዮዋ ሽሮዋን አሟልቼ መዘንኩላት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ነው።

ሰናይት ማርታን በዚያው ቀን አስወጣቻት። ምን ብላ እንደተናገረቻት አላውቅም፤ ስሜን ግን እንደጠራች አውቃለሁ። ምክንያቱም ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ማርታ በሬን አንኳኳች። «ዶን ታዴ» አለች። ቆሜያለሁ፤ ከበሩ በዚህ ወገን፣ በባዶ እግሬ፣ ትንፋሼን ይዤ። «ዶን ታዴ፣ ፖር ኬ?» ለምን ማለት ነው። ከሠላሳው ቃሌ አንዱ ነው፤ አላውቀውም ማለት አልችልም። በመካከላችን ያለው የሁለት ጣት ውፍረት ጣውላ ነው። እጀታው እጄ ላይ ነው። አልከፈትኩም። ሦስት ጊዜ አንኳኩታ፣ የሆነ ከባድ ነገር መሬት ላይ አስቀምጣ፣ በሯን ዘጋች። ወር ሳይሞላ ቤቱን ለቀቀች። ወዴት? ሎረል የሚል ሰው አለ፣ ወደ አገሯ የሚልም አለ። እኔ አልጠየቅሁም። መጠየቅ የማልወድ ሰው ሆኛለሁ።

ሰናይት ለእናቷ «ማርታ አገሯ ገባች» አለቻቸው፤ እሷም ስለፈራች ዋሸች። የእኔ ሐሰት ወለደ ማለት ነው። ለትንሣኤ እማሆይ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ በጋሪ ወንበር ተቀምጠው ጠሩኝ። ከስተዋል። «ልጄ፣ ማርታዬ ሳትሰናበተኝ ሄደች» አሉ። «አዝኜባት ነበር። ስትደውልልህ ግን ይቅር ብያታለሁ በላት።»

«እሺ እማሆይ፣ እነግራታለሁ» አልኩ።

በዚያው ክረምት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ ነኝ። ቀለል ይላሉ። ሰናይት አቅፋ አለቀሰችብኝ፤ «አንተ እኮ ልጃቸው ነበርክ» አለችኝ። ያንንም ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሆነው። ሱቁን ሸጬ ሌላ ሥራ ይዣለሁ። ስልክ ሲጠራ ግን አሁንም እደነግጣለሁ፤ የሚደውለው የኢንሹራንስ ሻጭ ቢሆንም። ማን ይደውላል ብዬ ነው የምፈራው? እማሆይ ሞተዋል፤ ማርታ ቁጥሬን የምትፈልገው አይመስለኝም። ይቅርታ ልጠይቅ ብል ከማን? ይቅር የሚሉኝ ሰው ይቅርታቸውን ለተሳሳተ ሰው ሰጥተው ሄዱ፤ በእኔ እጅ ልከውት፣ እኔም ሳላደርሰው ቀረሁ። አላወቅሁም ነበር አልልም። ፈርቼ ነው አልልም፤ የፈራ ሁሉ ጎረቤቱን አይሸጥም። እኔ ዘይት ነው አልኩ። እኔ እሷ ናት አልኩ። እኔ በሩን አልከፈትኩም።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ያገኘሁት ያ ከባድ ነገር ድስቴ ነበር። ፈትጋ አጥባዋለች፤ ክዳኑን ሳነሣ ከስሩ ሳንቲሟ አለች። የእኔ ስለነበረች መለሰቻት።

እማሆይ ሳያውቁ ሞቱ። ማርታ አውቃ ሄደች። እኔ ዘንድ የቀረው አንድ ድስትና አንድ ኳርተር ነው።